የጭቃው ወራት ልጆች

ወይዘሮ አርዚላ ሃርድኔት ያልተጠየቁትን የማይናገሩ፥ የተጠየቁትን ደግሞ የማይሸሽጉ ሴት ነበሩ። ሰው በብዙ ነገር ይመሰገናል፤ አንዱ በልግስናው፥ ሌላው በድፍረቱ። የእርሳቸውን ልግስና የሚመሰክር ሰው ብዙ ነው፤ ደፋር ናቸው ያለ ግን እስከ ሰባ አንድ ዓመታቸው ድረስ አልተሰማም። ጥንቁቅ ነበሩ። እግዚአብሔር የሰጣቸውን ሁለት እጅ እንደ መቅደስ ዕቃ ይጠብቁ ነበር፤ ከሰው ጠብም፥ ከመንግሥት ጉዳይም አርቀው።

በአላባማ ግዛት በቶሊቨር አውራጃ፥ ከገሊላ ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ካለው ጥቁር ሕዝብ መካከል እትብቱን እርሳቸው ያልቆረጡለት ጥቂት ነው። ሥራውን የተረከቡት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከአያታቸው ነው። ሥርዐታቸው አንድ ነበር። ምጥ ወደ ያዛት ሴት ቤት ሲደርሱ ከደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ “ጌታ ሆይ፥ አንተ ቅደም፤ እኔ እከተልሃለሁ” ብለው ነው የሚገቡት። ነጭ ሽርጣቸውን ይታጠቃሉ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በብሩሽ ሦስት ጊዜ ያጥባሉ። ልጁ ተወልዶ፥ እናቲቱ ታጥባ ከተኛች በኋላ ከቦርሳቸው ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አውጥተው የእናትን፥ የአባትን ስም፥ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ይጽፋሉ። ፊደል የቆጠሩት አራት የብርድ ወራት ብቻ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለ ነበር ጽሕፈታቸው እንደ አሮጌ አጥር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሰማዩን ለምን እንደሚጽፉ ሲጠየቁ፥ “ቀን ይረሳል፤ ውርጭ አይረሳም” ይሉ ነበር።

ሌላም ነገር ነበራቸው፤ እርሱን ግን አይናገሩትም። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ወንዙ ሞልቶ ዶክተሩ መሻገር ባቃተው ጊዜ የዳኛውን ሴት ልጅ ያዋለዱት እርሳቸው ነበሩ። ዳኛው በደስታቸው ብዛት፥ ሰው ለአገልጋዩ ባርኔጣ እንደሚሰጥ፥ ስማቸውን በመራጮች መዝገብ ላይ አስገቡላቸው። በዚያ መዝገብ ላይ ከእርሳቸው ሌላ አንድ ጥቁር ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ቀብር አስፈጻሚው ሽማግሌ ነው። እርሱ ሲሞት ብቻቸውን ቀሩ። በምርጫ ቀን በጎን በር ገብተው ድምፃቸውን ይሰጣሉ፤ በጎን በር ወጥተው ወደ ጎመን መደባቸው ይመለሳሉ።

የአውራጃው ሥርዐት ደግሞ እንዲህ ይላል፤ አዲስ ተመዝጋቢ፥ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው “አውቀዋለሁ” ብሎ ካልማለለት አይመዘገብም። ለጥቁር ሰው የሚምል ነጭ በቶሊቨር አልተገኘም። ስለዚህ የዚያ ሁሉ ሕዝብ በር ቁልፍ በአንዲት አሮጊት አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል። እርሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር። ሁለት ሰዎች በሁለት ልዩ ልዩ ዓመት መጥተው ለምነዋቸው፥ ሁለቱንም በጎመንና በበቆሎ ዳቦ አስተናግደው ባዶ እጃቸውን ሸኝተዋቸዋል።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት፥ በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፥ ሞዜል ታርቨር መጣች። ሞዜል የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ አባቷ ያወረሷት መሬት ስላላት ከማንም ነጭ እርሻ ላይ አትባረርም። ሰባት ልጆች አሏት፤ ሰባቱንም የተቀበሉት ወይዘሮ አርዚላ ናቸው። አፏም እንደ ምላጭ ነው። ወይዘሮ አርዚላ በግቢያቸው በትልቁ የብረት ጋን የማዋለጃ ጨርቆቻቸውን እየቀቀሉ፥ በረጅም ዱላ እያማሰሉ አገኘቻቸው።

“እማማ አርዚላ፥ እንዴት አደሩ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ከልጆቹ የትኛው ታመመ?”

“ማንም አልታመመ።”

“እንግዲያ ስምንተኛው መጥቷል ማለት ነው።”

“ኧረ አፍዎን ይያዙ! ሱቁ ተዘግቷል። ባሌ ኦቲስም ያውቀዋል፤ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጥዬዋለሁ።”

“ስንቱ ነው እንዲህ ብሎ በዘጠነኛው ወር ያስጠራኝ!” አሉ ወይዘሮ አርዚላ፤ ፈገግታቸውን ግን ወደ ጋኑ መለሱት። “ታዲያ ምን አመጣሽ በጠዋት?”

“ዋስ እንዲሆኑኝ ነው። ለመዝገቡ።”

ዱላው በጋኑ ውስጥ ቆመ። እንፋሎቱ በመካከላቸው ወጣ።

“አንቺ ልጅ፥ ጤና የለሽም?”

“ጤናማ ነኝ። እርስዎ ካልማሉልኝ ማን ይምልልኛል? መዝጋቢው ሚስተር ዳንክሊን ራሱ ይማልልኝ?”

“ስሚኝ፥ ሞዜል። ሉላ ሜ በግንቦት ትወልዳለች። ከእርሷ በኋላ ሌሎች ሦስት አሉ፤ አንዷ መንታ ነው የያዘችው። የአዋላጅነት ፈቃዴን የሚያድሰው ያው መዝገቡ ባለበት ፍርድ ቤት ምድር ቤት ያለው ጤና ቢሮ ነው። ቢነጥቁኝ እነዚህን ማን ይቀበላቸዋል? ዶክተሩ? ዶክተሩ እኛን በኋላ በር አስቀምጦ፥ ነጮቹን ጨርሶ፥ ምሳውን በልቶ ነው ‘ምን ሆንሽ’ የሚለው።”

“ሥጋዬን ሰባት ጊዜ በእጅዎ ይዘዋል፤ ስሜን አንድ ጊዜ ቢይዙት ምን ይላሉ?”

“ሥጋሽን በመያዜ ማንም አይከሰኝም።”

ሞዜል እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “ሰው ምን እንደሚልዎ ያውቃሉ?”

“አላውቅም፤ ልትነግሪኝ ነው መሰለኝ።”

“‘አርዚላ ድምጿን እንደ ሠርግ ጫማ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፥ በዓመቱ አንዴ እያወጣች ትወለውለዋለች’ ነው የሚሉት።”

ወይዘሮ አርዚላ ዱላውን መልሰው ማማሰል ጀመሩ። ኋላም፥ “ያ ጫማ ልክሽ የሚሆን ይመስልሻል?” አሉ።

“ይሁን አይሁን፥ እስኪ ልለካው!”

“እጸልይበታለሁ።”

በዚያ አገር “እጸልይበታለሁ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሞዜል አላጣችውም። “በቃ፥ እምቢ ብለዋል” አለችና የአጥሩን በር ሳትዘጋ ሄደች።

በየወሩ መጀመሪያ ሐሙስ አዋላጆች ሁሉ ቦርሳቸውን ለማስመርመር ወደ ጤና ቢሮ ይወርዳሉ። የምትመረምረው ነጯ ነርስ ሚስ ኮልደር ናት። ሚስ ኮልደር ክፉ ሴት አልነበረችም። የወይዘሮ አርዚላን ቦርሳ ከፍታ መቀሱን፥ ለሕፃናት የሚደረገውን የዐይን ጠብታ፥ የታጠፉትን ጨርቆች አንድ በአንድ አየች፤ እንደ ሁልጊዜውም አንድ ጉድፍ አላገኘችም። ሌሎቹ አዋላጆች ሲወጡ ግን እጇን ቦርሳው ላይ እንዳደረገች ቀረች።

“አርዚላ፥ ፎቅ ያሉት ሰዎች ስምሽን እያነሡ ነው። ለታርቨር ሴትዮ ዋስ ልትሆኚ ነው አሉ።”

“ማን ነገረዎት፥ ሚስ ኮልደር?”

“ግድግዳ ጆሮ አለው። ካሉኝ አዋላጆች እንዳንቺ ያለ የለም፤ አንቺን ማጣት አልፈልግም። ከዚያ መዝገብ ነገር ራቂልኝ።”

“ዋስ አልሆንሁም። እጸልይበታለሁ ነው ያልሁት።”

“እነርሱ ግን እንደሆንሽ ቆጥረውታል” አለች ነርሷ፥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነርሷ ይህን የተናገረችው ልትጠብቃቸው ብላ ነው። ወይዘሮ አርዚላ ግን ዐሥራ ሁለት ማይል በሰው መኪና ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንድ ነገር ያሰላስሉ ነበር፤ እምቢ ያሉት ነገር እንዳደረጉት ሆኖ ተቆጥሮባቸዋል። ጥንቃቄያቸው የጠበቃቸው ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ያቆያቸው ማንም ስለ እርሳቸው ሳያስብ በመቅረቱ ነው። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአልጋቸው ሥር የደብተሮቹን ሣጥን ሳቡ። የጭቃ እድፍ ያለበትን አሮጌውን ደብተር አነሡ። እንዲህ የሚል አገኙ፤

“ዲሴምበር 14፥ 1924። እሑድ። ጎሕ ሲቀድ። ብርቱ ውርጭ። የአብራምና የሊዚ ልጅ። ሴት። አልተነፈሰችም። ተነፈስሁላት። አለቀሰች።”

ይህን የሞዜልን ልደት ካነበቡ በኋላ ያሰቡትን ለማንም አልተናገሩም። በእሑዱ ግን፥ ከገሊላ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሲወጣ፥ ነጭ ከለበሱት እናቶች መካከል ተነሥተው ሞዜልን በደረጃው ላይ ጠበቋት።

“ነገ የወሩ የምዝገባ ሰኞ ነው፤ ጫማውን ትለኪዋለሽ። በጊዜ ነዪ፤ እኔ ሰው መጠበቅ አልወድም።”

ሞዜል ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ጀምሮ በፍርድ ቤቱ መተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መዝጋቢዎቹ ገቡ፤ ወጡ፤ ምሳ ሄዱ። ሁለቱ ሴቶች ከወረቀት ከረጢት ውስጥ ቀዝቃዛ ስኳር ድንች አውጥተው በሉ።

“እዚህ ከመቀመጥ ስምንተኛው ቢመጣ ይሻል ነበር” አለች ሞዜል። “ምጥ እንኳ እንዲህ አይረዝም።”

“ያንቺ ሦስተኛ እንዲህ ነበር። ዝም ብለሽ ዋጪ።”

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን ተጠሩ። ሚስተር ዳንክሊን ሥርዐት የሚወድ፥ መጮኽ የማያስፈልገው ሰው ነበር። ሞዜል አራት ገጽ ቅጽ ሞላች። የሚጠየቀውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ አነበበች፤ ትርጉሙንም ተናገረች። ስሕተት አልተገኘባትም። ሚስተር ዳንክሊን ቅጹን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና ተነሥቶ በደረጃው ወርዶ ሄደ። ሲመለስ በእጁ አንድ አሮጌ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ከጤና ቢሮ ያወጣው የሞዜል የልደት ወረቀት ነው።

“አክስት አርዚላ፥” አለ፤ በዚያ አገር ነጮቹ ጥቁር ሴትን ወይዘሮ ላለማለት እንዲህ ይላሉና፥ “ይህን ፊርማ ታውቂዋለሽ?”

“የእኔ ነው፥ ጌታዬ።”

“ቀኑን አንብቢልኝ።”

ወይዘሮ አርዚላ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። “ፌብሩዋሪ ዘጠኝ፥ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት።”

“ሞዜል እዚህ ምላ የጻፈችው ዲሴምበር ዐሥራ አራት፥ ሃያ አራት ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ የአላባማን ግዛት ዋሽታችኋል። ዋስ ነሽና ማይ፤ የቱ ነው እውነቱ?”

ወይዘሮ አርዚላ ወረቀቱን እያዩ የሆነውን ሁሉ አስታወሱ። በዚያ ዘመን ጅረቱ ላይ ድልድይ አልነበረም። ከኅዳር እስከ መጋቢት መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ በቅሎ እስከ ሆዷ ትሰምጥበታለች። የልደቱን ነገር በዐሥር ቀን ውስጥ ለከተማው ጸሐፊ ማስታወቅ ደንብ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚደርሱት በመካከል መሬቱ ለጥቂት ቀን ሲጠነክር፥ የብዙ ልጆችን ልደት ባንድነት ይዘው ነው። ጸሐፊው ደግሞ ቀና ብሎም ሳያይ የመጡበትን ቀን በሁሉም ላይ ይጽፋል፤ “ፈርሚ” ይላል፤ ይፈርማሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ለማንም ምንም አልነበረም።

አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ወረቀቱ እውነት ነው ቢሉ ሞዜል በሐሰት ምላለች፤ መባረር ብቻ ሳይሆን ትከሰሳለች። ወረቀቱ ሐሰት ነው ቢሉ በሐሰት ወረቀት ላይ የፈረሙት እርሳቸው ናቸው፤ ፈቃዳቸውም ከዚያ ቀን አያልፍም።

ሚስተር ዳንክሊን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ለስለስ ባለ ድምፅ፥ “ስሚ፥ አክስት” አለ። “ሰባ ዓመት አልፎሻል። ብትረሺ ማንም አይፈርድብሽም። ‘አላስታውስም’ በይና ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ ሂዱ። እኔም ቅጹን እቀደዋለሁ። የሚጎዳ ሰው የለም።”

ሞዜል ክርናቸውን ያዘች። “እማማ፥ ረሳሁ ይበሉት” አለች በሹክሹክታ። “ሉላ ሜን ያስቡ። እኔ ደግሜ እመጣለሁ።”

ወይዘሮ አርዚላ መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት። እጃቸውን በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አኖሩ።

“አልረሳሁም፥ ጌታዬ። የተወለደችው ዲሴምበር ዐሥራ አራት ነው። እሑድ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ፤ ብርቱ ውርጭ ነበር። ይህ ወረቀት የሚናገረው እርሷ የተወለደችበትን ቀን ሳይሆን እኔ ከተማ የመጣሁበትን ነው።” ደግሞም ጨመሩ። “ይህን ከጠየቁኝ የቀረውንም ልናገር ይገባኛል። የእርሷ ብቻ አይደለም። ድልድዩ ሳይሠራ በጭቃው ወራት የተቀበልኋቸው ልጆች ሁሉ ወረቀታቸው እንዲሁ ነው።”

ሚስተር ዳንክሊን እስክሪብቶውን አነሣ። “ስንት ናቸው?”

“ደብተሬ ያውቃል።”

“እንግዲያ ያን ሁሉ ዘመን ሐሰት ስትፈርሚ ኖረሻል?”

“ልጁን እኔ ተቀበልሁ፤ ቀኑን ጸሐፊው ሰጠ። ‘መቼ ተወለደ?’ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። እርሱ ባለመጠየቁ፥ እኔ ባለመናገሬ በደልን። የእኔን ድርሻ አልክድም።”

ቃላቸው ተጻፈ፤ በታይፕ ተመታ፤ እርሳቸውም በዚያ አጥር በሚመስል ፊደላቸው ፈረሙበት። ሚስተር ዳንክሊን የፈለገውን አግኝቶ ነበርና አመሰገናቸው። ከዚያም በሞዜል ቅጽ ግርጌ “የልደት ቀን አልተስማማም፤ ውድቅ” ብሎ ጻፈ።

ደረጃውን ሲወርዱ ሞዜል በቁጣ እንባዋ ይወርድ ነበር።

“ያቺን አንዲት ቃል! ‘ረሳሁ’ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?”

“ተነፍሼልሽ ነው የኖርሽው” አሉ ወይዘሮ አርዚላ። “ያን ውርጭ እንዴት ብዬ ልርሳው?”

ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ፈቃዳቸው ተሠርዟል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ልጅ ቢቀበሉ ይታሰራሉ። የፈቃድ ወረቀታቸውን ሊረከብ ሌላ ሰው ሊላክ ሲል ሚስ ኮልደር እምቢ ብላ ራሷ መጣች። ከግድግዳው ላይ ስታወርደው ሠላሳ ዓመት የተሰቀለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። “ብዬሽ ነበር” አላለችም። የመንግሥት የሆነውን የዐይን ጠብታ ከቦርሳው አወጣች፤ ቦርሳውን ግን መልሳ ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

በግንቦት፥ በቀትር፥ ሉላ ሜን ምጥ ያዛት። ዶክተሩ ተጠርቶ ነበር፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብሏል። ወይዘሮ አርዚላ ነጭ ሽርጣቸውን ታጥቀው ሄዱ። ከደጃፉም ቆመው እንደ ልማዳቸው ጸለዩ፤ ነገር ግን አልገቡም። ዞረው በመስኮቱ በኩል በግቢው ውስጥ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በሽርጡ ማሰሪያ ውስጥ አስገቧቸው። በዚያ ቆመው ለሉላ ሜ አማት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት፤ “አሁን አትጎትቺው፤ በራሱ ይምጣ። ትከሻውን አየሽው? በይ መዳፍሽን ከሥሩ አድርጊ። ሉላ ሜ፥ ልጄ፥ አሁን አትግፊ፤ እንደ ውሻ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ።” ሴትዮዋ የታዘዘችውን አደረገች። ልጁ ጮኸ። አማቲቱም ልጁን ጠቅልላ በመስኮቱ አሳየቻቸው። አዩት፤ እጃቸውን ግን ከማሰሪያው ውስጥ አላወጡም።

ያን ቀን ምን እንደ ተሰማቸው አይታወቅም፤ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና። በደብተራቸው ላይ ግን ቀኑን፥ ሰዓቱንና ጥርት ያለውን ሰማይ ከጻፉ በኋላ፥ “በእጄ አይደለም” የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ እንዲሁ በመስኮት ቃል በሰላም ተገላገሉ። መንታ የያዘችው ግን ዶክተሩ ዘንድ ተወስዳ አንዱን አጣች። ወይዘሮ አርዚላ ያንንም ጻፉ፤ ከሥሩ ምንም አልጨመሩም።

በዚህ መካከል በፍርድ ቤት የተናገሩት ቃል በአገሩ ተሰማ። በጭቃው ወራት የተወለደ ሁሉ የልደት ወረቀቱን ከሣጥን እያወጣ ወደ ደጃፋቸው ይመጣ ጀመር። አስቀድሞ የመጣው ዲያቆን ሎንዞ ስፒየርስ ነበር፤ እርሱም ከወረቀቱ ሁለት ወር ከዐሥር ቀን እንደሚበልጥ ከደብተሩ ተነበበለት።

“ሁለት ወር ሙሉ!” አለ ዲያቆኑ ባርኔጣውን አውልቆ። “ሚስቴ ታላቄ ናት ብዬ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አቀርቅሬ ኖሬያለሁ። ለካ ታላቋ እኔ ነኝ!”

“አሁን ሄደህ ንገራት” አለችው ሞዜል፤ “እኛም ከደጅ ቆመን ጩኸቱን እንሰማለን።”

ሞዜል ጠረጴዛ አውጥታ በበረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ወይዘሮ አርዚላ ከደብተሩ ያነብባሉ፤ እርሷ በንጹሕ ወረቀት ላይ ትገለብጣለች፤ እርሳቸው ይፈርማሉ። ወረቀቱን ስትሰጥ ግን ማንንም ዝም ብላ አትለቅም ነበር።

“ይኸው ቀንህ። እንግዲህ መቼ ነው የምትመዘገበው?”

“እኔ ቀኔን ላውቅ ነው እንጂ…”

“ቀንህንማ አወቅህ። እማማ የማዋለጃ ፈቃዳቸውን የከፈሉለት ቀን ነው፤ ኪስህ ውስጥ ሊያረጅ ነው?”

ሰዎቹም ከግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ ቦታ በበሩ በኩል እያዩ “እሺ” ይሉ ነበር። በመከር፥ ጥጥ ከተለቀመ በኋላ በመጀመሪያው የምዝገባ ሰኞ፥ አርባ አንድ ሰዎች በፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ቆሙ። ሁሉም በእጃቸው ያ አጥር የሚመስል ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዘው ነበር። ሚስተር ዳንክሊን አንድ ዋስ በዓመት ከሁለት ለሚበልጥ ሰው መማል አይችልም አላቸው። እርሳቸውም ለሁለቱ ማሉ፤ ሁለቱም ወደቁ። በሚቀጥለው ወር አርባ አንዱ እንደገና መጡ። በሚቀጥለውም። ሞዜል ሁልጊዜ ከፊት ነበረች፤ ወይዘሮ አርዚላም ሁልጊዜ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፥ ደብተሩን በጭናቸው ይዘው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት ነሐሴ ሕጉ ከዋሽንግተን ተለወጠ። ዋስ የሚባል ነገር ቀረ፤ ከሩቅ የመጣ መዝጋቢም በፖስታ ቤቱ ምድር ቤት ጠረጴዛ ዘረጋ። ሞዜል ወይዘሮ አርዚላን ልትወስዳቸው በመኪና መጣች።

“አሁን እኔ ምን አደርግልሻለሁ?” አሉ። “ዋስ አያስፈልግም ተብሏል።”

“እኔ ያስፈልገኛል። ይልቅ ባርኔጣዎን ያድርጉ።”

በፖስታ ቤቱ ውስጥ አዲሱ መዝጋቢ፥ ወጣት ነጭ ሰው፥ ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። የልደት ቀኗን ጠየቃት።

“ዲሴምበር ዐሥራ አራት፥ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት” አለች ሞዜል፤ ድምጿም እስከ ደረጃው ተሰማ። “እሑድ። ጎሕ ሲቀድ። ብርቱ ውርጭ ነበር።”

“ውርጩ አያስፈልግም፥ ወይዘሮ ታርቨር” አለ ሰውየው።

“እርስዎ አይጻፉት። ግን ይሰማ።”

ወይዘሮ አርዚላ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ደብተሩን ከፍተው ነበር፤ ጣታቸው በዚያ መስመር ላይ ነበረ። እንዲያረጋግጡ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ምንም አልተናገሩም። ሞዜል ፈርማ ስትመለስ ግን ቀና ብለው አይዋት።

“እህ፥ ጫማው ልክሽ ሆነ?”

“ትንሽ ያጠብቃል።”

“ሲሄዱበት ይሰፋል” አሉና ደብተሩን ዘግተው ተነሡ።

ፈቃዳቸው አልተመለሰላቸውም። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ልጅ አልተቀበሉም፤ በየምርጫው ግን በፊት በር ይገቡ ነበር። ሲቀበሩ ሣጥናቸውን የተሸከሙት ስድስቱም የጭቃው ወራት ልጆች ነበሩ፤ ሞዜልም ነጩን ሽርጥ አጥፋ በደረታቸው ላይ አኖረችው።

የሰማይ አምላክ እነዚያን የታጠቡ እጆች በዕረፍት ያኑራቸው፤ የሃርድኔትን ቤት ደጅ ከሕፃን ልቅሶና ከአዋቂ ሳቅ አያጉድለው፤ በዚያ ደብተር ላይ ስማቸው የተጻፈውን ሁሉ እርሱ በማያረጅ መዝገብ ይጻፋቸው። አሜን።